ቱራኮዋ ለምን ጠቆረች? በወሎ ደኖች ጥላ ወፍ ስለማንሳት የተካሄደ ረጅም ውይይት

ክሩን፣ ማለትም በፎቶ አንሺዎች መድረክ ላይ የተካሄደውን ይህን ውይይት፣ የከፈተው በኮምቦልቻ የሚኖር፣ ካሜራውን በሳምንት መጨረሻ ብቻ የሚያነሳ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነው። ለመድረኩ አባላት ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ የጎፍ ደን መሄዱንና አንዳንዶች ሶሪት የሚሏትን ነጭ ጉንጭ ቱራኮ በጥድና በወይራ ቅርንጫፎች መካከል ማንሳቱን ገለጸ። በዓይኑ ያየው ለምለም አረንጓዴና ወፏ ክንፏን ስትዘረጋ ብልጭ የሚለው ቀይ ግን ፎቶው ላይ አልነበሩም፤ አረንጓዴው አመድማ፣ ቀዩ ቡናማ ሆኖ፣ ሁሉም ኖይዝ በሚባለው የነጠብጣብ ጉድፍ ተሸፍኖ ወጥቷል። የተጠቀመበትን መሣሪያና ልክ ሳይደብቅ ዘረዘረ፦ ክሮፕ የሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ያለው ካሜራ፣ እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚስብ ሌንስ፣ ኤፍ 6.3 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ 1/1000 ሰከንድ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ አይኤስኦ 12800 (የካሜራው የብርሃን ስሜታዊነት ልክ)። ፍላሽ እንደማይጠቀም፣ የወፍ ድምፅ በስልክ አጫውቶ እንደማይጠራም አስቀድሞ አስታወቀ። የጠየቀው ካሜራውን ይቀይር ወይስ ሌንሱን የሚል ነበር። በዚሁ ቢያበቃ ኖሮ ክሩ በጥቂት መልሶች ይዘጋ ነበር፤ እርሱ ግን በመጨረሻው መስመር ላይ የወሎ ደኖች ጨለማ ስለሆኑ ለቀለም ፎቶ አይመቹም የሚል ድምዳሜ ጨመረበት።

1ኛው መልስ እንግዳ ተቀባይ ነበር። ጸሐፊው ጠያቂውን እንኳን ደህና መጣህ ካለ በኋላ፣ ችግሩ ያለው በሴንሰሩ ላይ እንደሆነና ፉል ፍሬም የሚባለውን ሰፊ ሴንሰር ያለው ካሜራ ቢገዛ ኖይዙ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስለት አረጋገጠለት፤ የሴንሰሩ ስፋት ከእጥፍ በላይ ስለሆነ የሚሰበስበው ብርሃንም በዚያው ልክ ይበልጣል የሚል ማስረጃም አቀረበ።

2ኛው መልስ የመጣው ደሴ ውስጥ ሠርግ በማንሳት ከሚተዳደር ባለሙያ ነው። እርሱ ስለ ካሜራው አንድም ቃል አላነሳም። ትኩረቱ 1/1000 በሚለው ቁጥር ላይ ነበር፦ ቅርንጫፍ ላይ ለተቀመጠች ወፍ ይህን ያህል ፍጥነት ብርሃን ማባከን እንደሆነ፣ ሌንሱ ንዝረት መከላከያ ካለውና በሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር መደገፊያ) ከተደገፈ 1/125 ወይም 1/160 እንደሚበቃ፣ ከ1/1000 ወደ 1/125 መውረድ ብቻውን ብርሃኑን ስምንት እጥፍ እንደሚያደርገው አስረዳ። በዝግታ ሲነሳ ብዙው ፎቶ እንደሚደበዝዝ ያውቃል፤ ስለዚህ በተከታታይ አሥር ያህል ማንሳት፣ ከእነርሱም ወፏ በሁለት ዝላይ መካከል ጭንቅላቷን ጸጥ ያደረገችበትን አንዱን መምረጥ ነው ምክሩ። በጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙሽራ ያለ ፍላሽ ያነሳ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ምክሩም አጭርና ጠቃሚ ነበር። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፤ ያ ጉድለት እስከ ክሩ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ማንም አላስተዋለውም።

የክሩ ቃና በ3ኛው መልስ ተለወጠ። ይህ ጸሐፊ በመድረኩ ላይ በስሌት ወዳድነቱና በአንደበቱ ሹልነት የሚታወቅ ሲሆን፣ በቀጥታ የሄደው ወደ 1ኛው መልስ ነው። ትልቅ ሴንሰር ብዙ ብርሃን የሚሰበስበው ፍሬሙን ሙሉ በወፏ መሙላት ሲቻል ብቻ እንደሆነ፣ ወፏ ሩቅ ሆና በዚያው ሌንስ ተነሥታ ፎቶው ወደ ተመሳሳይ መጠን ከተቆረጠ ግን በወፏ ላይ ያረፈው ብርሃን ያው ስለሚሆን ትርፉ እንደሚጠፋ አሳየ። ያልለካውን ነገር ለጀማሪ መምከር ሰውን ለኪሳራ መዳረግ ነው የሚል ዱላም አክሎበታል፤ ይህ ባይጨመር ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ያስቀመጠው ስሌት ግን የክሩ መለኪያ ሆኖ ቀረ። በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 16፣ ትክክለኛው ፍጥነት 1/100 ገደማ ነው፤ ይህ የፊልም ዘመን ሰዎች በቃል ይዘውት የነበረ ልማድ ነው። በኤፍ 6.3 ያው ብርሃን ወደ 1/640 ይወስደናል። ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ብርሃኑ በሰባት ስቶፕ ከወረደ (አንድ ስቶፕ ሲወርድ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል)፣ ማለትም ከ128 እጅ አንዱ ብቻ ከቀረ፣ ፍጥነቱ ወደ 1/5 ሰከንድ ይጎተታል። 1/160 ለማግኘት አይኤስኦውን ወደ 3200፣ 1/1000 ለማግኘት ደግሞ ወደ 20000 ማውጣት ግድ ይሆናል። እንግዲህ የጠያቂው ፎቶ በ12800 እንኳ ጠቁሮ የወጣው ካሜራው ስለተበላሸ አይደለም።

4ኛው መልስ የጡረተኛ የደን ባለሙያ ነው፤ ከዚህ መልስ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠቀሳቸው። በመጀመሪያ 3ኛውን በአባትነት ገሠጹ፤ የሰው ስሕተት ሲታረም ሰውየው እንዳይዋረድ መጠንቀቅ የወሎ ሰው ወግ መሆኑን አስታወሱ። ከዚያ ግን ስሌቱን ራሱን አረሙት። ከላይ ከሚያርፈው ብርሃን ወለል ላይ 1 በመቶ ያህል ብቻ የሚደርሰው ቅጠለ ሰፊ ዛፎች በተደራረቡበት እርጥብ ደን ውስጥ እንደሆነ፣ የጥድ ደን ግን ቅጠሉ ቀጭን በመሆኑ ብዙ ብርሃን እንደሚያሳልፍ፣ በቦረና ሳይንት ያለው የደንቆሮ ደን ደግሞ አስታ የሚባለው ዛፍ ወደሚበቅልበት ከፍታ ሲደረስ እጅግ ገላጣ እንደሚሆን ገለጹ። በእርሳቸው አስተያየት ጥላው አንድ ወጥ አይደለም፦ ግንዱ ሥር ሰባት ስቶፕ ከወረደ፣ ደኑ ዳር ላይ አራት ወይም አምስት፣ ዛፍ ወድቆ በተከፈተው ቦታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወፏን ተከትሎ ወደ ጨለማው መግባት ስሕተት ነው፤ ቱራኮ ፍሬ በሊ ስለሆነች፣ ደን ዳር ላይ ፍሬው የበሰለ ሾላ ወይም ዋርካ ፈልጎ ተቀምጦ መጠበቅ ይሻላል። ዛፉን ለማግኘት የአካባቢውን እረኞች መጠየቅ እንደሚያስፈልግም አሳሰቡ፤ የትኛው ሾላ በየትኛው ሳምንት እንደሚበስል ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

5ኛውና 6ኛው መልሶች በጠያቂው የመጨረሻ መስመር ላይ የተነሡ ናቸው፤ አንዱ የወሎን ደን ስም ማጥፋት ነው ብሎ ተቆጣ፣ ሌላው ደግሞ እውነትን መናገር ስም ማጥፋት እንዳልሆነ መለሰ። ከዚህ በላይ የሚነገርላቸው የለም።

ክሩን ከተራ የዕቃ ክርክር ያወጣው 7ኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ የፊዚክስ መምህርት ስትሆን፣ እስካሁን የተናገሩት ሁሉ ስለ ብርሃኑ ብዛት እንጂ ስለ ብርሃኑ ቀለም እንዳላነሡ በትሕትና ጠቆመች። ቅጠል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ አረንጓዴውን በብዛት ስለሚያሳልፍና ስለሚመልስ፣ በደን ጥላ ውስጥ ወፏ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ራሱ አረንጓዴ ነው። ቀይ ላባ ቀይ ሆኖ የሚታየው ቀይ ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ የሚመልሰው ቀይ ካላገኘ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር ከአራት ነጥቦቹ ሁለቱን ለአረንጓዴ፣ አንዱን ለቀይ፣ አንዱን ለሰማያዊ የመደበ ነው። እናም ካሜራው አረንጓዴውን ሞልቶ ፎቶው በቂ ብርሃን አለው ብሎ ሲያስብ፣ የቀዩ ክፍል ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ኤዲት ላይ አረንጓዴውን ጥላ ለማጥፋት ቀዩ ከፍ ሲደረግ፣ አብሮት ከፍ የሚለው ኖይዙ ነው። ጠያቂው ያየው ቡናማ ቀለም ከዚህ የመጣ እንደሆነ ደመደመች።

መፍትሔዋም ከምክንያቱ ተከትሎ የሚመጣ ነበር። ፎቶው በራው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) እንዲነሣ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃን ስርጭት ግራፉ) ድምሩን ብቻ ሳይሆን ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ቀዩ እንዲታይ፣ ዋይት ባላንስ (ነጩን ነጭ የሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ) ደግሞ በዚያው ጥላ ውስጥ በተያዘ ነጭ ወይም ግራጫ ነገር ላይ እንዲለካ መከረች፤ ለዚህም ታጥቦ የነጣ ነጠላ ጫፍ ይበቃል። ከሁሉም በላይ ግን ወፏ ላይ ከሰማይ በቀጥታ የሚወርድ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ መምረጥ ይገባል፤ በቅጠል ተጣርቶ ያልመጣ ብርሃን፣ ደመናማ ቢሆንም እንኳ፣ ቀዩን ይዞ ይመጣል። ጋሼ በ4ኛው መልስ ስለ ደን ዳር የተናገሩት በዚህ መንገድ ሁለተኛ ምክንያት አገኘ።

8ኛው መልስ ነገሩን ወደ ጎን ወሰደው። ጸሐፊው በልጅነቱ ከሽማግሌዎች እንደሰማው የቱራኮ ቀይ ቀለም በዝናብ ታጥቦ ይለቃል፤ ስለዚህ በክረምት የተነሣች ወፍ ብትደበዝዝ አይገርምም ብሎ ተከራከረ። በዚህ ላይ በ9ኛው መልስ የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነ ሌላ አባል፣ ወሬው መሠረት እንዳለው ግን እንደተጋነነ አብራራ። የቱራኮ ቀይ ቀለም ቱራሲን ይባላል፤ በ1869 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች የተገለጸ ሲሆን መዳብ በውስጡ ይዟል። ሳሙናን በመሰለ አልካላይ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል እንጂ የደጋ ዝናብ አጥቦ አያጠፋውም። አረንጓዴዋም የተለየ ነው፤ የብዙ ወፎች አረንጓዴ በላባው አሠራርና በቢጫ ቀለም ጥምረት የሚፈጠር ሲሆን፣ የቱራኮ ግን ቱራኮቨርዲን የተባለ እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም ነው። ለፎቶ አንሺ ይህ ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀ ነበር፤ መልሱ የመጣው ከሁለት መልስ በኋላ ነው።

10ኛው መልስ የ7ኛዋን ማብራሪያ የሚያፈርስ መሰለ። በሐይቅ ከተማ የሚኖር አንድ አባል፣ ደመናማ ቀንና ክፍት ቦታ ይበቃል ከተባለ ተከዜ ሰንበርድ የምትባለው አበባ ቀሳሚ ወፍ፣ ወንዷ፣ ለምን በዚያው ብርሃን ጥቁር ሆና እንደምትወጣ ጠየቀ። በራስ ክምርና በእሬት አበባ ላይ ደጋግሞ አንሥቷታል፤ ደመና ሲሆን ከሰል፣ ፀሐይ ሲያገኛት ደግሞ ሐምራዊ ብረት ትመስላለች። ጥያቄው በትዕቢት የቀረበ ሳይሆን በእውነት ግራ በመጋባት የተጻፈ ስለነበር፣ በ11ኛው መልስ መምህርቷ በደስታ ነው የተመለሰችበት።

በእኔ ንባብ የክሩ ዋና ነጥብ ይህ ነው። የወፍ ቀለም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በላባው ውስጥ ባለ ማቅለሚያ የሚመጣ፣ ሌላው ከማቅለሚያው ቀለም ሳይሆን ብርሃን በላባው ረቂቅ ንጣፎች ላይ ሲንጸባረቅ የሚፈጠር። የቱራኮ ቀይና አረንጓዴ፣ የጥቁር ራስ ኦሪዮል ቢጫ፣ የጥቁር ክንፏ ትንሽ በቀቀን የግንባር ቀይ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ከየትም አቅጣጫ ቢታዩ ያው ናቸው፤ ለስላሳ የደመና ብርሃን ሲያገኙ ነጸብራቅ ስለማይሸፍናቸው እንዲያውም ይደምቃሉ። የሰንበርድ ሐምራዊ ግን ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ መጥቶ በተወሰነ ማዕዘን ወደ ካሜራው ካልተመለሰ ቀለሙ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለቱራኮ የሚጸለይበት ደመና ለሰንበርድ እርግማን ነው። በጥላ ውስጥ ሰንበርድ ማንሳት የፈለገ ሰው ብዙ ብርሃን ከመሻት ይልቅ፣ በቅጠሉ መካከል በተከፈተች አንዲት ቀዳዳ በኩል የሚመጣ አቅጣጫ ያለው ብርሃን ፈልጎ፣ ጀርባውን ለዚያ ቀዳዳ ሰጥቶ መቀመጥ አለበት። የትኛው ወፍ በየትኛው ቀን ይነሣል የሚለው ከየትኛው ካሜራ ይገዛል ከሚለው መቅደም እንዳለበት ከዚህ በኋላ በክሩ ውስጥ በግልጽ የተከራከረ የለም፤ 1ኛው መልስ ሰጪ እንኳ ተመልሶ ለመምህርቷ ምስጋና አቅርቧል።

ከ12ኛው እስከ 14ኛው ያለው ጭቅጭቅ የኤክስፖዠር፣ ማለትም ፎቶው የሚነሣበት የብርሃን ልክ፣ ነው። አንዱ አይኤስኦውን በ800 አስሮ ፎቶውን ጨለማ አድርጎ አንሥቶ በኋላ በኤዲት ማብራት ይሻላል አለ፤ ሌላው ይህ ኖይዝ ማራባት ነው ብሎ ተሳለቀ፤ መሳለቁም ወደ ስድብ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሠርግ አንሺው በ14ኛው መልስ ሁለቱንም ያስማማ ነገር ጻፈ። ኖይዙን የሚያመጣው በዋናነት የብርሃኑ ማነስ ስለሆነ፣ በብዙ አዳዲስ ካሜራዎች ላይ አይኤስኦውን ካሜራው ውስጥ ማውጣትና በኋላ ማብራት ብዙ ልዩነት እንደሌላቸው፣ በአሮጌ ካሜራዎች ላይ ግን ዘግይቶ ማብራት ጥላው ውስጥ መስመር መስመር የሆነ ጉድፍ እንደሚያወጣ ገለጸ። ሁለቱም የዘነጉት የካሜራው ብርሃን መለኪያ መታለሉን ነው። ደን ውስጥ ጀርባው ጥቁር ሲሆን መለኪያው ሁሉን ለማብራት ይሞክርና የኦሪዮሉን ቢጫ፣ ወይም ጅራተ ረጅሙ የገነት ዝንብ አዳኝ ነጭ መልክ ሲኖረው ነጩን፣ ዝርዝር እስከማይቀርለት ድረስ ያቃጥለዋል፤ በተቃራኒው ወፏ የሰማይ ቀዳዳ ፊት ከተቀመጠች ጥላ ብቻ ሆና ትቀራለች። የእርሱ ልማድ በጥቁር ጀርባ ላይ ለደማቅ ወፍ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ መቀነስ፣ በሰማይ ፊት ደግሞ አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል መጨመር ነው።

15ኛው መልስ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ፣ ፍላሽ ቢበራ በአንድ ጊዜ እንደሚያልቅ አመለከተ። ክሩ የተፈጥሮ ብርሃን ብቻ መሆኑ ከመነሻው የተነገረ ስለነበር መልሱ ፈጣንና ሹል ሆነ፤ የመድረኩ ተቆጣጣሪም ሁለት መልሶችን ሰርዞ፣ የፍላሽ ጉዳይ የራሱ ክር እንዲከፈትለት አዘዘ። ከዚያው ጋር ተያይዞ በ17ኛው መልስ የወፍ ድምፅ ማጫወት የተነሣ ጊዜ ግን ጋሼ ጣልቃ ገቡ። በመራቢያ ወቅት ድምፅ የሰማ ወንድ ወፍ ባላጋራ መጣብኝ ብሎ መመገቡንና ጎጆ መጠበቁን ትቶ እንደሚባክን፣ ከጎጆ አጠገብ ፎቶ ለማንሳት ሲባል የተቆረጠች ቅርንጫፍም ጎጆውን ለአሞራና ለዝንጀሮ እንደምታጋልጥ አስረዱ። ቃላቸው ለስላሳ ነበር፤ የተከራከራቸውም አልነበረም።

18ኛው መልስ የሐይቁ አባል ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተጠበቁት አሮጌ ዛፎች ሰውን የለመዱ ወፎች እንዳሏቸው፣ ወፎቹ ቀርበው ስለሚነሡ አጭር ግን ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ እንደሚበቃ ጠቆመ፤ አስቀድሞ ከአባቶች ፈቃድ መጠየቅ፣ በቅዳሴ ሰዓት ካሜራ አለማውጣትና በጸሎት ላይ ያሉ ሰዎችን አለማንሳት እንደሚገባም አስታወሰ። መምህርቷ በ19ኛው መልስ፣ ገዳሙ ሴት እንደማያስገባ ረስቶ የመድረኩን ግማሽ አባላት ውጭ የተወ ምክር መሆኑን ስትጠቅስ ቀልድ ነበረው፣ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። የሐይቁ አባል ይቅርታ ጠይቆ በውኃው ዳር ያሉትን ሾላዎች ጠቆማት። 20ኛው ደግሞ በወሎ ከመስጊድና ከሐድራ ቦታ አጠገብ ያሉ የማይቆረጡ ታላላቅ ዛፎችን አስታወሰ፤ ሸሁን ሰላም ብሎ፣ ቡናው ላይ ተቀምጦ፣ ዱዓው እስኪያበቃ ታግሦ ለጠየቀ ሰው እምቢ ያለ አላጋጠመውም።

ከዚያ ጥቂት መልሶች ወደ ባሕር ዛፍ ሄዱ፤ የአገር በቀል ዛፍ እየተመናመነ ባሕር ዛፍ መስፋቱ ለወፉም ለብርሃኑም ምን እንዳደረገ ጥሩ ጥሩ ነገር ቢባልም፣ ውይይቱ ወደ ማገዶ ዋጋ ወርዶ ቆመ።

በ24ኛው መልስ ስለ ወቅትና ስለ ሰዓት የተጻፈው ግን መዘለል የለበትም። ጸሐፊው ከወልድያ ሲሆን፣ ወሎ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናት በላይ እንደምትቆም፣ በታኅሣሥ ደግሞ በስተ ደቡብ አዘንብላ እንደምታልፍ አስታወሰ። በበጋው ወራት ደቡብን የሚያይ የደን ዳር ቀኑን ሙሉ ብርሃን ሲያገኝ፣ ሰሜንን የሚያየው ጥላ ውስጥ ይውላል። ጎሕና ምሽትም በእኛ አገር አጭር ናቸው፤ ፀሐይ ቶሎ ትወጣለች፣ ቶሎም ትጠልቃለች። በዚህ ላይ ተራራው አለ፤ ደሴ ላይ ፀሐይ ከአድማስ በፊት ከጦሳ ጀርባ እንደምትገባ ሁሉ፣ ምዕራብን የሚያይ ሸለቆ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ጨለማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ወፎቹ በብዛት የሚንቀሳቀሱት ግን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት ምሥራቅን የሚያይ፣ ከሰዓት በኋላ ምዕራብን የሚያይ ዳር ይመረጥ።

25ኛው መልስ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ኖይዝ ማጥፊያ ሶፍትዌር ቢገዛ ይህ ሁሉ እንደሚቀር ተናገረ፤ 3ኛው መልስ ሰጪ ከረጅም ዝምታ በኋላ ብቅ ያለው ለዚህ ነው። ሶፍትዌሩ በቂ መረጃ ባለበት ፎቶ ላይ መልካም ሥራ እንደሚሠራ አመነ፤ ብርሃን ባልደረሰበት ቦታ ላይ ግን የሌለ የላባ መስመር ከራሱ ፈጥሮ እንደሚስል፣ ያም ፎቶ ሳይሆን ግምት እንደሆነ አጥብቆ ተናገረ። በዚህ ከእርሱ ጋር ነኝ፤ በተለይ ፎቶው ወፏን ለመለየት ወይም ለውድድር የሚቀርብ ከሆነ።

ጠያቂው በ26ኛው መልስ ተመለሰ። እንደተመከረው ደን ዳር ላይ ፍሬ የያዘ ሾላ አግኝቶ፣ በ1/160፣ በኤፍ 6.3 እና በአይኤስኦ 800 የተቀመጠች ቱራኮ አንሥቷል። አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኗል፤ ነጭ ጉንጯ ጠርቷል፤ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቀይ ቀለበትም ወጥቷል። ከመነሻው የፈለገው የክንፍ ቀይ ግን ወፏ ስትነሣ በተወሰደው ፎቶ ላይ ቅርጽ የሌለው ጭስ ሆኖ ቀረ። የሠርግ አንሺው ምክር ጉድለትም እዚህ ላይ ተገለጠ። የቱራኮ ቀይ ያለው በበረራ ላባዎቿ ላይ ነው፤ ስትቀመጥ በክንፏ ተሸፍኖ አብዛኛው አይታይም። ቀስ ብሎ ማንሳት ወፏን ያድናል፣ ቀዩን ግን ይገድላል። 27ኛው ፎቶውን እንዲጥለው ነገረው። 28ኛው ደግሞ የደበዘዘው ቀይ ከደረቀ ፎቶ ይልቅ ሕይወት እንዳለው ተከራከረለት። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ በዚህ ተነካከሱ።

መፍትሔው የመጣው ጋሼና 3ኛው መልስ ሰጪ በተቀባበሉት ነው፤ ሁለቱ በመጀመሪያ የተነካኩ መሆናቸውን ለሚያስታውስ ደስ የሚል ነበር። ጋሼ ቱራኮ ረጅም በረራ እንደማታበዛ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ክንፏን ጥቂት መትታ በመንሳፈፍ እንደምትሻገር፣ ከምግብ ዛፉ ስትወጣም ደጋግማ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደምትሄድ አስረዱ። እንግዲህ ትኩረቱ ከሾላው ላይ ተነሥቶ በሾላውና በቀጣዩ ዛፍ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ይሁን፤ መጀመሪያ ካሜራ ሳይነሣ የወፎቹ መተላለፊያ ይታይ። 3ኛው ቁጥሩን ጨመረበት፦ በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ፀሐይ ካለ 1/1600 በኤፍ 6.3 የሚጠይቀው አይኤስኦ 250 ያህል ብቻ ነው፤ ጠዋት ገና ፀሐይዋ ዝቅ ባለችበት ጊዜ ወይም ስስ ደመና ሲኖር 500 ወይም 1000 ቢሆን ነው፤ ያም ከ12800 ጋር አይወዳደርም። ካሜራው ሁለት ልኮችን በቁልፉ ላይ ማስቀመጥ ስለሚችል፣ አንዱ ለተቀመጠችው በ1/160፣ ሌላው ለምትበርረው በ1/1600 እንዲዘጋጅ፣ ወፏ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ስትራመድ ወደ ሁለተኛው እንዲዞር መከረው። ፎከሱም አስቀድሞ በክፍቱ ቦታ ርቀት ላይ ቢቀመጥ ሌንሱ ቅጠል ለቅጠል ሲዋዥቅ ወፏ አታመልጥም።

ጠያቂው የትኛው ወገን ላይ ልቁም ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ጠዋት ከሆነ ከክፍቱ ቦታ በስተ ምሥራቅ፣ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ፣ ከተቻለም ከዳገቱ በኩል ከፍ ብሎ እንዲቆም ነገሩት፤ ከታች ከተነሣች የክንፏ ሥር በሰማዩ ፊት ይጠቁራል፣ ከጎን ወይም ከላይ ከተነሣች ግን ጀርባው ደን ስለሚሆን ቀዩ ይለያል። የመጨረሻዎቹ ሁለት መልሶች በሚመጣው ቅዳሜ ከደሴ ወደ የጎፍ በጋራ ስለመሄድና ስለ መኪና መጋራት የሚመለከቱ ናቸው።